የአቶ ጥሩ ነው ምላስ

ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ትንሽ ሀፍረት ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ። ሰሞኑን አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የሚያነጥፍ ምግብ ቤት ውስጥ አፍንጫዬን ዳቦ ቅርጫት ውስጥ ከትቼ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። ባለቤቴ እጁን ሊታጠብ ተነስቷል፣ አስተናጋጁም ጀርባውን ሰጥቷል ብዬ፣ ዳቦው የተሸፈነበትን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሞቅ ያለውን እንፋሎት እስከ ሳንባዬ ጫፍ ስስበው፣ ከራሴ በላይ አንድ ድምፅ «እመቤቴ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለኝ።

«ጉትቻዬ» አልኩት።

ሰውዬው ደግ ነው። ዳቦውን አንድ በአንድ እያነሳ ፈለገልኝ። ሁለቱም ጉትቻዎቼ ጆሮዬ ላይ መንጠልጠላቸውን ያየው የመጨረሻውን ዳቦ ሲያነሳ ነው። ቅርጫቱን ይዞ ሄዶ በሌላ ቀየረልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላልፍም።

«የመጽሔቱ የምግብ ቤት ገጽ ጸሐፊ ዳቦ ትበላለች እንጂ ታሸታለች እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ እኔና ታናሽ እህቴ በተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ስላለ፣ እሷንም አስፈቅጄ እንዳሉ አቀርብላችኋለሁ። እህቴ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ስልክ አንደዋወልም። ስልክ ላይ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስለምንጣላ እናታችን «እናንተ የምትዋደዱት በወረቀት ነው፤ ጻፉ!» ብላ ፈርዳብናለች። ስለ እናታችን ጉልበትና ስለ አለቃዬ ጠባይ የተጻጻፍናቸውን ትቻቸዋለሁ። የፊተኞቹ ለእናንተ አይጠቅሙም፣ የኋለኞቹ ለእኔ አይበጁም።

*

ጥቅምት 6

ሚጢጢዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ ከዳቦ መለየቴን ሳይጨምር ደህና ነኝ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ እናታችን አላጋነነችም። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ስኳርዎ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ገና አልገባም» አለኝ። «ታዲያ እንዲመለስ ምን ልበለው?» ስለው፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ኬክ እያለ በየስማቸው ጠራቸው። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት፤ የሟች ዘመዶቼን ስም የሚያነብብኝ ነው የመሰለኝ።

ቤት ውስጥስ ይሁን፣ እችለዋለሁ። ጭንቁ ገጹ ነው። ስለ ምግብ ቤት የሚጽፍ ሰው በየሳምንቱ «ዓሣው ጥሩ ነበር፣ ሰላጣው ጥሩ ነበር» እያለ እስከ መቼ ይዘልቃል? አለቃዬ ምንም ሳያውቅ ባለፈው «ምነው ጽሑፍሽ ከሳ?» አለኝ። እኔ ስከሳ ያላየ ሰው የጽሑፌን መክሳት አየ! ነገሩን ካወቀ ደግሞ ገጹን ለሌላ ይሰጠዋል። ዳቦ ለማትቀምስ ሴት የምግብ ገጽ መስጠት፣ ዋና ለማይችል ሰው ጀልባ ማከራየት ነው ይላል፤ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ባለቤቴን ይዤው እወጣለሁ። እኔ ዓሣዬንና ቅጠሌን እበላለሁ፤ እሱ ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ኬኩን ይበላና ጣዕሙን ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። የተቀመጠው ዱሮ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ወንበር ላይ ነው፤ አትቀየሚኝ።

ግን ምን ያደርግልኛል! ባሌ ሊፍት ጠጋኝ አይደል፤ እጁ እንጂ አፉ አይሠራም። ትናንት ቅቤ የተቀባ ትኩስ ዳቦ በላ። «እህስ?» አልኩት። «ጥሩ ነው።» ፓስታውን በላ። «እህስ?» «ጥሩ ነው።» «ከዳቦው በምን ይለያል?» ስለው አሰበ፣ አሰበና «ይሄ ረዘም ይላል» አለኝ።

«አቶ ጥሩ ነው» ብለሽ ስም ስታወጪለት ስቄ ነበር። አሁን ግን ሳቁ አልቆብኛል። ዱሮም እንዲህ ነበር እንዴ? ወይስ እኔ ነኝ ሳላየው የኖርኩት?

ታላቅሽ

*

ጥቅምት 19

እታለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ ስኳርሽ አንቺ ሳትነግሪኝ ከእናታችን በመስማቴ ይቅር ብዬሻለሁ። ወንበሬን ግን ይቅር አልልም! ሳህናችን ግማሽ ላይ ሲደርስ የምንለዋወጠው እኔና አንቺ አልነበርንም? የኔን ድንች አንቺ፣ ያንቺን ሩዝ እኔ፣ አስተናጋጆቹ እስኪስቁብን ድረስ። አሁን እዚያ ወንበር ላይ ጋሼ ተቀምጦ «ረዘም ይላል» እያለ ሳስበው፣ እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። በእጄ የያዝኩት የሰም ጥርስ ተጣመመብኝ፤ እንደገና ነው የሠራሁት።

ዱሮም እንዲህ ነበር ወይ ላልሽኝ እኔ ምኑን አውቄ? ባልሽ ነው። ብቻ አታስጨንቂው። ጣዕሙን መጠየቅ ተይና ጥርሱ ምን እንዳለው ጠይቂው። ጥርስም ይናገራል፤ እኔ የምኖረው ስለሚናገር ነው።

ስለ ራስሽ ደግሞ ምክሬን ስሚ። ምግብ ከመምጣቱ በፊት «ድንቹን ተውና አትክልት ጨምርበት» በይው፤ ከመጣ በኋላ አንቺ ታዝኛለሽ፣ እሱ ይቀየማል። ስጎው በዱቄት ወፍሮ እንደሆነ ሳታፍሪ ጠይቂ። የሰላጣው ማጣፈጫ ውስጥ ስኳር ተደብቆ ይቀመጣል፤ ዘይትና ሎሚ ለብቻ አስመጪ። ቅርጫቱን ደግሞ ከአጠገብሽ አርቂው፤ አውቅሻለሁ እኮ።

ሚጢጢ

*

ኅዳር 8

ሚጢጢዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ክብደቴ ቀንሷል፤ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበስቻለሁ። ቅርጫቱንም አርቄዋለሁ። አሁን ግን ወሬው ሌላ ነው። ቁጭ በይ!

አቶ ጥሩ ነው ተናገረ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ያቺ እኔና አንቺ የምንወዳት ጥግ ላይ ያለችው ምግብ ቤት ሄድን። ዳቦው መጣ። በላ። እኔም ከልማድ «እህስ?» አልኩት። «ቆይ፣ እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሳ። ተመልሶ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቅርፊቱ ሲሰበር ይናገራል፤ ውስጡ ግን ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። ቅቤው እንደ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ መጥቶ ይቀመጣል እንጂ ቤቱን አይረብሽም።»

ሹካዬ ከእጄ ወደቀ። አስተናጋጁ አነሳልኝ።

ሐሙስ ደግሞ ሩዝ አቀረቡለት። እጁን ታጠበና «ይሄ ሩዝ የተኳረፈ ቤተሰብ ነው፤ አንድ ሳህን ላይ ተቀምጦ አንዱ አንዱን አይነካም» አለ። እንዳለ ጻፍኩት። አንባቢ አበደ! አለቃዬ ራሱ ወንበሬ ድረስ መጥቶ «ጽሑፍሽ ሥጋ ለበሰ» አለኝ። ሽፋን ላይ አወጡኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አይደል? አልሆነልኝም። ተጋብተን ይህን ሁሉ ዘመን ሾርባዬን ጠጥቷል። የሠርጋችንን ዓመት ሳከብር ሌሊቱን ሙሉ ስጠብሰው ያደርኩት ሥጋ፣ ሲታመም በእጄ የጨመቅኩለት ጭማቂ፣ አንቺ የምታውቂው የእንቁላሌ ነገር... ለዚህ ሁሉ «ጥሩ ነው»። ለማያውቃት ዳቦ ጋጋሪ ግን ግጥም! ማናት እሷ? ቅናቱ ሲብስብኝ ጊዜ «ጋጋሪዋን ላመስግናት» ብዬ ኩሽና ድረስ ገባሁ። ጋጋሪዋ በር የሚያክል፣ ጢሙ ዱቄት የለበሰ ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። አመስግኜው ወጣሁ።

እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርሽ። ትናንት የሎሚ ኬክ በላና «ሎሚው እንደ ታናሽ እህት ነው፤ ዘግይቶ ይመጣና የሰውን ዓይን ሁሉ ይወስዳል» አለ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አሰብኩ። እሱ ታናሽ እህት የለው፤ ከየት አመጣው?

ታላቅሽ

*

ኅዳር 21

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሳልመልስ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅርታ። የምሳ ሰዓቴ ሰሞኑን አጥሮብኛል፣ ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ስለ እጅ መታጠቡ ላነሳሽው፣ ንጽሕና መልካም ነው። የሊፍት ቅባት ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ምን ያስገርማል?

እንኳን ሽፋን ላይ ወጣሽ። እዚህ የሚሠሩት ልጆች መጽሔቱን ገዝተው ሩዙን ያነበቡበት አነባበብ! አንዷ «ይሄን የጻፈች ሴት በጣም የምትበላ ናት» አለች። እኔ ሰሜን ማቅለጤን ቀጠልኩ። በውስጤ ግን ኮራሁ... በአንቺ ማለቴ ነው።

አትከተይው፤ እሺ? ወንድ ልጅ ሲከተሉት ይደናቀፋል። ገጽሽ ድኗል፣ ስኳርሽ ከደጃፍ እየራቀ ነው፤ ምን ጎደለሽ? በእናትሽ፣ የተሰጠሽን ብዪ።

ሚጢጢ

*

ታኅሣሥ 5

ሚጢጢዬ፣

«ምን ጎደለሽ?» ላልሽው፣ ነይና እይው።

አንዲት አንባቢ «ኬኩ ውስጥ ያለው ብርቱካን እንጂ ሎሚ አይደለም፤ እኔ ሁለቴ በልቼዋለሁ» ብላ ጻፈችልን። እራት ላይ ነገርኩት። አቶ ጥሩ ነው ሾርባውን አማሰለና «ያጋጥማል፤ ከሩቅ ሲሆን ይሳሳታሉ» አለኝ። «ማን ነው ከሩቅ ያለው?» ስለው አሳለው። ሳሉ አላማረኝም።

በማግስቱ ምሳ ወጣን። የተጠበሰ ሊጥ በማር መጣለት፣ አንድ ጎረሰ፣ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። አትቆጪኝ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ የመታጠቢያው ቧንቧ ተዘግቶ፣ እጁ ደረቅ እንደሆነ ስልክ ይዞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሲያንሾካሹክ በጆሮዬ ሰማሁት፦ «ያብረቀርቃል... አዎ፣ ጣቴ ላይ ተጣብቋል... ሲነክሱት ይንኮሻኮሽና መሐሉ ባዶ ነው... እሺ፣ እሺ፣ ድገሚልኝ... አይ አንቺ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ወደ ጠረጴዛችን ተመለስኩ። መጣና ተቀመጠ። «መሐሉ ባዶ ነው፤ እንደ ሽንገላ። ማሩ ባይኖር ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?» አለኝ።

አየሽ! የሌላው ባል የሌላ ሴት ሽቶ ለብሶ ይመጣል። የእኔው የሌላ ሴት ቃል ለብሶ መጣ። እኔ ሞኟ ደግሞ በስሜ አትሜ ለአገር ምድሩ አደልኩት!

ሒሳብ ሊከፍል ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ የተወውን ስልኩን ከፍቼ መጨረሻ የደወለለትን ስም አየሁ። «ቧንቧ ሠራተኛ» ይላል። ቤታችን ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ የለም ሚጢጢ። እንኳን ቧንቧ፣ እንባዬም አልፈሰሰም፤ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ቅርጫቱን ወደ እኔ ሳብኩት። ጨረስኩት። ያን ሁሉ ወር የታገስኩለትን ዳቦ አንድ በአንድ ዋጥኩት፤ ምን ምን እንዳለኝ ግን እስካሁን አላውቅም። ቅናት ለካ ምላስ የለውም። ማታ ስኳሬን ስለካው ቁጥሩ ጣሪያ ነክቷል፤ ለእናታችን እንዳትነግሪያት።

እደውላለሁ። ቁጥሩን ይዤዋለሁ። ያቺን ሴት ድምጿን እሰማታለሁ። ምን ትዪኛለሽ?

ታላቅሽ

*

ታኅሣሥ 11

እታለም፣

ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ፤ ሰላምታ እንኳን አልጻፍኩም፣ ይቅር በይኝ። በእናታችን ይሁንብሽ፣ ያን ቁጥር አትደውዪ። እሱን ጠይቂው። ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ፣ ሳትቆጪ፣ ጋሼን ጠይቂው። ሁለተኛ ዳቦ እንዳትነኪ። እለምንሻለሁ።

ሚጢጢ

*

(አንባቢዎቼ፣ ይህቺኛዋ ደብዳቤ የደረሰችኝ ዘግይታ ነው። እኔ ቀድሜያት ደውዬ፣ የሚከተለውን ጽፌ ፖስታ ቤት ጥዬ ነበር።)

*

ታኅሣሥ 12

ለክብርት የጥርስ ባለሙያ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ሥራስ እንዴት ይዞዎታል? የምሳ ሰዓትዎ ለምን እንዳጠረ ሳያጫውቱኝ ቀርተው ነበር፤ አሁን ገባኝ።

በባለቤቴ ስልክ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ። «ሃሎ ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አቀረቡልህ?» አሉ እርስዎ። የሕክምና ቤቱ ቁጥር ስለሆነ አላወቅኩትም። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ፤ ከዳዴ ጀምሮ ሳባብለው ያደግኩት ድምፅ ነው። ስልኩን ዘጋሁ።

እርስዎ ማለት ደከመኝ። አንቺ!

ክፉ ነገር አልጠረጠርኩም፤ አላበድኩም። አንቺንም እሱንም አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባሌ ለእኔ የማይነግረኝ፣ ለአንቺ ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያንሾካሹክልሽ ምንድን ነው? እኔ «ቅናት በላኝ» እያልኩ ስጽፍልሽ፣ አንቺ «ንጽሕና መልካም ነው» ትይኛለሽ? አብራችሁ ስቃችሁብኝ ነበር? የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ ሁለተኛ አትጻፊልኝ።

*

ታኅሣሥ 20

እታለም፣

አልሳቅንም። አንድ ቀን እንኳን አልሳቅንም።

ምን እንደማውቅ ልንገርሽ። ጋሼ ምንም አይቀምስም። አያሸትምም። ከዓመታት በፊት ያ ትኩሳት የጣለው ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጭማቂ በእጅሽ የጨመቅሽለት ጊዜ? ትኩሳቱ ሲለቀው ጣዕምንም ሽታንም ይዞት ሄደ። ሥራ ልኮት እዚህ ሲመጣ፣ ምናልባት ከጥርሴ ይሆናል ብሎ እኔ ጋ ገባ። ጥርሱ ደህና ነበር። ሐኪሞቻችን አይተውት «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አሉት። የምርመራ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እጄን ይዞ አስማለኝ። «የሚስቴ ኑሮዋ ጣዕም ነው። የምታበስልለት ሰው ጨውና ስኳር እንደማይለይ ካወቀች፣ ከዚያ በኋላ ለማን ታበስላለች?» አለኝ። ማልኩለት።

ከዚያ አንቺ ያን ወንበር ሰጠሽው! ሰው ሁሉ ቀርቶ ለእሱ! ሦስት ሳምንት ያህል «ጥሩ ነው» ካለሽ በኋላ ኮሪደር ላይ ቆሞ ደወለልኝ። «ሚጢጢ፣ ገጿን ልትነጠቅ ነው፣ ምን ልበላት?» አለኝ። ስለዚህ እሱ ጥርሱና ዓይኑ ያሉትን ይነግረኛል፤ ይሰበራል፣ ይለጠጣል፣ ይተናል፣ ያብረቀርቃል። እኔ ደግሞ እዚያ ከተማ አብሬሽ ያልበላሁበት ጠረጴዛ የለም፤ አስታውሼ ቃሉን እሰጠዋለሁ። ኬኩን ተሳሳትኩ፤ እኔ በነበርኩበት ዘመን ሎሚ ነበር።

የኔንም ኃጢአት ልጻፈው። ማድረግ የነበረብኝ «ጋሼ፣ ንገራት» ማለት ነበር። አላልኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበራ! ወንበሬን በስልክ መልሼ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ምሳዬን ትቼ ስልኩ አጠገብ እጠብቅ ነበር። ያ ሽፋን ላይ የወጣው ሩዝ የኔ ነው እያልኩ፣ አንቺን ሰዎች ሲያደንቁ እየቀናሁ፣ እየኮራሁ... ሁለታችንም አንድ ዳቦ አጠገብ ቁጭ ብለን፣ ሳንበላው ቀናንበት።

እንደፈለግሽ አድርጊኝ። እሱን ግን አታሳፍሪው።

ሚጢጢ

*

ጥር 15

ሚጢጢዬ፣

ዝም ያልኩሽ አኩርፌ ብቻ አይደለም፤ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። እንደፈራሽው አልጮህኩበትም። አንቺ እንደነገርሽኝም ፊት ለፊት አልጠየቅኩትም።

ያደረግኩት ይሄን ነው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ሾርባ ሠራሁ። አውቄ፣ ሆን ብዬ፣ ጨው ሞጀርኩበት። አቀረብኩለት፤ ለራሴም ቀዳሁ። ማንኪያውን አነሳና፣ ልብ በይ፣ ከመጉረሱ በፊት ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ቀመስኩ። ጨው መሆኑን ባውቅም ፊቴ ሳይታዘዘኝ ተጨማደደ። እሱም ጎረሰ፤ ዋጠ፤ ትንሽ አሰበና «ዛሬ ጨው በዛ መሰለኝ» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«በፊትሽ።»

አየሽ ነገሩን? ያን ሁሉ ዓመት «ጥሩ ነው» ያለው ለምግቤ አልነበረም። እኔ ስቀምስ ፊቴን ያያል። ፊቴ ከፈካ ጥሩ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ገበታ ላይ ሳህን እንጂ ሰው አላይም ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ፊትም ለካ እንደዚያው ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያወራነውን አልጽፍልሽም። አንቺ ብዙ ስታውቂ ኖረሻል፤ ይሄ የኔ ብቻ ይሁን።

ስላስማለሽ አልተቀየምኩሽም። ይቅር ብዬሻለሁ። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፤ ልዋሽሽ አልችልም። ባሌ ምን እንደጎደለው ከእኔ በፊት ማወቅሽ፣ ሌሊት ስገላበጥ ጎኔን ይወጋኛል። ስለዚህ ካሳ ትከፍይኛለሽ፦ ነይ። ፈቃድሽን ጠይቂና ነይ። ወንበርሽን እመልስልሻለሁ። ለእሱ ሦስተኛ ወንበር እናስጨምራለን።

ለአለቃዬም ነገርኩት። ቢሮው ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሁሉን። «ዳቦ የማትበላ ጸሐፊ፣ የማይቀምስ ባል፣ ምሳዋን ስልክ ላይ የምትበላ እህት! የምግብ ገጼን የሚያዘጋጁልኝ እነዚህ ናቸው?» አለና መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ተቀየረ። «አንባቢውን አታለሽዋል» አለኝ። «ስለዚህ አንባቢው ይፍረድ። እንዳለ ጻፊው። ከዚያ ሦስታችሁም አንድ ገበታ ቅረቡና ያያችሁትን ጻፊ። አንባቢ ከወደደው ገጹ ያንቺ ነው። ካልወደደው የቢሮሽን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ።»

ደብዳቤዎቻችንን ላወጣቸው ነው። የማትፈልጊው መስመር ካለ ንገሪኝ።

ታላቅሽ

*

አንባቢዎቼ፣ እህቴ አንድ መስመር ብቻ ሰርዛለች፤ እሱም እዚያ ሕክምና ቤት ስለሚሠራ አንድ ረጅም ሰው ነው። እኔ በራሴ ቃል ልጽፍላችሁ ስል ሊፍት ጠጋኙ ክንዴን ቆነጠጠኝ።

ቅዳሜ ትመጣለች። ጉትቻዬን «ከፈለገልኝ» ከዚያው ደግ አስተናጋጅ ጋር ለሦስት ሰው ጠረጴዛ ይዣለሁ፤ ዕዳዬን ከዚያው ልጀምር ብዬ። ስልኩን ሲያነሳና ስሜን ስነግረው አስታወሰኝና «ቅርጫቱን ከመጀመሪያው ከፈት አድርጌ ላቅርብልዎ?» አለኝ። አዎ፣ ከፈት አድርገህ። እኔ በአደባባይ አሸታለሁ፤ ከዓሣዬና ከአትክልቴ ግን ንቅንቅ አልልም። እህቴ ትቀምሳለች። ባለቤቴ ጥርሱና ዓይኑ ያሉትን ይነግረናል፤ ኮሪደር መሄድ ተከልክሏል፣ እጁን ከቤት ታጥቦ ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነስቶኛል። እሱ መሐል ይቀመጣል፤ እህቴ በቀኙ፣ እኔ በግራው። ዳቦው ሲመጣ ሁለታችንም ፊታችን ይፈካል፤ የእሷ በመቅመስ፣ የእኔ በማሽተት። እሱም እንደ ልማዱ ከመጉረሱ በፊት ቀና ብሎ ያያል። ገጹ ይቅር፣ ስኳሩም ይቅር፣ እኔ ማወቅ የምፈልገው እሱን ብቻ ነው። አለቃዬ ቁልፉን ካልነጠቀኝ እዚሁ ገጽ ላይ፣ ከነጠቀኝም በየደጃፋችሁ እየዞርኩ እነግራችኋለሁ፦ «ጥሩ ነው» ከማለቱ በፊት ቀድሞ የማንን ፊት እንዳየ።